ሽማግሌ ከዳኛ በምን ይለያል? የሽምግልና ታሪክ ከአርሲ ደጋ

ከአዳማ ተነስታችሁ ወደ አሰላ ስትጓዙ፣ ዴራን አልፋችሁ አየሩ ቀዝቀዝ ማለት ሲጀምር ኢተያን ታገኛላችሁ። በአርሲ ዞን የሄጦሳ ወረዳ ከተማ ናት። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የስንዴ ማሳ ነው፤ አዝመራው ሲደርስ ኮምባይነሮች ወዲያ ወዲህ ይላሉ።

እዚህ ማሳ ላይ አንድ ነገር እናስብ። አንድ ማለዳ የአንዱ ገበሬ ከብቶች ጎረቤቱ ስንዴ ውስጥ ገብተው በሉት፣ ረገጡትም። ባለ ማሳው «የጠፋብኝን ቆጥሮ ይክፈለኝ» አለ። ባለ ከብቱ ደግሞ «አምስት ሳንቲም አልከፍልም» ብሎ ድርቅ አለ። በነጋታው ልጆቻቸው አብረው ትምህርት ቤት መሄድ አቆሙ። በሳምንቱ አንደኛው ከቤቱ ሲወጣ ዱላ መያዝ ጀመረ። ነገሩ ወዴት እያመራ እንደሆነ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

እንግዲህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ዳኛ ዘንድ መሄድ ነው። ዳኛው ማስረጃ ያያል፣ ሕጉን ይጠቅሳል፣ «እገሌ ይክፈል» ብሎ ይወስናል። ተከራካሪዎቹ ወደዱም ጠሉም ውሳኔው ይፈጸማል፤ ከጀርባው መንግሥት አለ። ሁለተኛው ሽማግሌ መጥራት ነው። ሽማግሌው ግን ማንንም ማሰር አይችልም፣ የማንንም ንብረት መያዝ አይችልም። ያለው አፉና ጆሮው፣ ሰዎች ለእሱ ያላቸው ክብር ደግሞ ሦስተኛው ነው።

ታዲያ ሥልጣን የሌለው ሰው ዱላ የጨበጠን ሰው እንዴት ያስቆመዋል? የሽምግልና ሳይንስ በሙሉ የሚሽከረከረው በዚህች ጥያቄ ዙሪያ ነው። መልሱን ለመፈለግ የአርሲ ደጋ በጣም ጥሩ ቦታ ነው። እዚህ የጥንት የማስታረቅ ሥርዓት አለ፤ ሥርዓቱ የደከመባቸው፣ የወደቀባቸውም ጊዜያት አሉ። ሁለቱንም እናያለን።

የማይመታ ዱላ

ሲንቄ ባንክ የሚል ማስታወቂያ ሳታዩ አትቀሩም። በኢትዮጵያ ፊልም የሚከታተል ሰው ደግሞ ጉማ የሚባለውን ሽልማት ያውቀዋል። የሁለቱም ስሞች ሥር የኦሮሞ ሕዝብ ጠብ የሚያበርድበት ሥርዓት ውስጥ ነው። ሽልማቱ ስሙን ያገኘው ሚሼል ፓፓታኪስ በ1960ዎቹ ከሠራው «ጉማ» ከሚባለው ፊልም ሲሆን፣ ጉማ ማለት የደም ካሳ ነው። እሱን ቆየት ብለን እናነሣዋለን። መጀመሪያ ሲንቄን እንይ።

ሲንቄ ቀጥ ያለች ቀጭን በትር ናት። በአርሲ ኦሮሞ ባህል አንዲት ልጅ ስትዳር እናቷ ትሰጣታለች። ከብት አይነዳባትም፣ ልጅ አይመታባትም። ያገባች ሴት መብትና ክብር ምልክት ናት። ባህሉ «ወዩ» ከሚላቸው፣ ማለትም ከተከበሩና ከማይደፈሩ ነገሮች መካከል ሲንቄ አንዷ ናት።

አንድ ባል ሚስቱን ቢደበድብ፣ በተለይ አራስ ሆና ሳለ ቢነካት፣ ሴትየዋ ሲንቄዋን ይዛ ወጥታ ትጮኻለች። ጩኸቱን የሰሙ የአካባቢው ሴቶች ያላቸውን ሥራ ጥለው የየራሳቸውን ሲንቄ ይዘው ይሰበሰባሉ። ሰምታ የቀረች ሴት ትወቀሳለች። ጉዳዩ ካልተፈታ ደግሞ ቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ የሚታለቡ ላሞቻቸውን ትተው ይወጣሉ፤ ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ይህ «ጎዳንሳ ሲንቄ» ይባላል፤ የሲንቄ ስደት እንደማለት ነው። እስቲ አስቡት፤ ምግብ የሚያበስል፣ ላም የሚያልብ፣ ሕፃን የሚያጠባ ሰው በመንደሩ ጠፋ። ወንዶቹ ሽማግሌ ልከው ካልተነጋገሩ በስተቀር ኑሮ አይቀጥልም።

ሲንቄ ከቤት ውስጥ ጠብም አልፋ ትሄዳለች። ሁለት ጎሳዎች ሊዋጉ ሲሰለፉ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በመሀል ይቆማሉ። ያንን መስመር ጥሶ የሚያልፍ ወንድ ነውረኛ ነው። የረገጠውም ወዩ የሆነውን ነገር ስለሆነ እርግማኑን ይፈራል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ሴቶቹ «እገሌ ጥፋተኛ ነው» ብለው አልፈረዱም። ያደረጉት ነገር ጠቡን ማቆም ነው። የማቆም ኃይልና የመወሰን ኃይል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ጥያቄያችን ግማሽ መልስ ይኸው ነው፦ አስታራቂ የመወሰን ሥልጣን ባይኖረውም፣ ሁለቱ ወገኖች ንቀው ሊያልፉት የማይችሉት ነገር በእጁ መኖር አለበት። ያ ነገር ክብር ሊሆን ይችላል፤ እምነት ሊሆን ይችላል፤ እንደ ሲንቄ ያለ በትርም ሊሆን ይችላል።

ከዛፍ ጥላ ሥር

ጠቡ ከቆመ በኋላ ንግግሩ ይጀመራል። በኦሮምኛ «ጃርሱማ» የሚባለው ሽምግልና የሚካሄደው በአገር ሽማግሌዎች ነው። ጉባኤው በምርቃት ይከፈታል። በዳይም ተበዳይም ሳይቋረጡ ይናገራሉ። ሽማግሌዎቹ ይጠይቃሉ፣ ያለፈ ተመሳሳይ ጉዳይ ያስታውሳሉ፣ አንዱን ለብቻው ገለል አድርገው ያግባባሉ፣ ከዚያም ወደ ሌላው ይሄዳሉ። አንድ ቀን ላይበቃ ይችላል፤ ቀጠሮ ይሰጣል። ዕርቁ ሲደረስ ካሳ ይቆረጣል፣ ይቅርታ ይጠየቃል፣ እንደ ጉዳዩ ክብደት በመሐላ ይታሰራል፣ አብሮ ይበላል።

ነፍስ ከጠፋ ግን ነገሩ ይከብዳል። ጉማ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የሟች ወገን ደም ለመመለስ ይነሳል፤ የገዳይ ወገን ይሸሻል። ሽማግሌዎች በመሀል ገብተው የሟችን ቤተሰብ ደጋግመው ይለምናሉ። ሲሳካ የደም ካሳ ይወሰናል፣ ደሙ የሚታጠብበት ሥርዓት ይፈጸማል። ካሳውን የሚከፍለው ገዳዩ ብቻውን አይደለም፤ ጎሳው አዋጥቶ ነው። ይህ ለገዳዩ የተደረገ ደግነት ሊመስላችሁ ይችላል። ውጤቱን ግን ተመልከቱ፦ አንዱ ልጅ ሰው ቢገድል የመቶ ሰው ከብት ይነካል። ስለዚህ መቶ ሰው ያንን ልጅ ከቁጣው ሊመልሰው ይፈልጋል። በአማርኛም «ዕርቅ ደም ያድርቅ» የምንለው ይህንኑ ነው፤ የፈሰሰው ደም ሌላ ደም እንዳይጠራ።

ስለ አንዲት መስኮት፣ ስለ አንድ የላይቤሪያ መንደር

አሁን ከአርሲ ለጥቂት ጊዜ እንውጣ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ሽምግልናን እንደ ትምህርት ብትማሩ፣ ንድፈ ሐሳቡ የሚነገራችሁ በአብዛኛው በአሜሪካ ጸሐፊዎች ስም ነው።

አንዷ ሜሪ ፓርከር ፎሌት ናት። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ስለ ግጭት ስታስተምር ከራሷ ገጠመኝ አንድ ነገር ታነሣ ነበር። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ሰው መስኮቱ እንዲከፈት ፈለገ፤ እሷ ደግሞ እንዲዘጋ። በመጨረሻ የጎረቤት ክፍሉን መስኮት ከፈቱት። ሰውየው የፈለገው ንጹሕ አየር ነበር፤ እሷ ያልፈለገችው ደግሞ ነፋሱ በቀጥታ እንዲመታት ነው። ማንም አልተሸነፈም፤ ግማሽ በግማሽም አልተካፈሉም። ሁለቱም ያስፈለጋቸውን አገኙ።

ሮጀር ፊሸርና ዊልያም ዩሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ታዋቂ የድርድር መጽሐፍ ይህንን ሐሳብ አስፋፉት። ዋናው ነጥብ እንዲህ ነው፦ ሰው በጠብ ጊዜ የሚናገረው አቋሙን ነው፤ ከአቋሙ ሥር ግን ፍላጎቱ አለ። «መስኮቱ ይዘጋ» አቋም ነው፤ «ብርድ እንዳይመታኝ» ፍላጎት ነው። አቋም ከአቋም ጋር ሲጋጭ መውጫ ይጠፋል። ፍላጎትን ስትጠይቁ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ መስኮት ይገኛል።

ታሪኩ የሚገርመው ከዚህ በኋላ ነው። ጄምስ ጊብስ የተባለ አንትሮፖሎጂስት ላይቤሪያ ውስጥ ከክፔሌ ሕዝብ ጋር ኖሮ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1963 አሳተመ። ክፔሌዎች መደበኛ ፍርድ ቤት ነበራቸው፤ ከእሱ ጎን ግን የቤተ ዘመድና የጎረቤት ጉባኤ ነበራቸው። ጉባኤው በከሳሹ ቤት ይሰበሰባል፣ በምርቃት ይከፈታል፣ ሁሉም ሰው መጠየቅ ይችላል፣ በመጨረሻም ይቅርታ ይጠየቃል፣ ትንሽ ስጦታ ይሰጣል፣ አብሮ ይጠጣል። የባልና ሚስት ጠብ ፍርድ ቤት ሲሄድ ብዙውን ጊዜ በፍቺ ያልቃል፤ በጉባኤው ግን ቂሙ ገና ትኩስ ሳለ ተዘርግፎ ይወጣል አለ ጊብስ። ነገሩን ከሕክምና ጋር አመሳሰለው።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ ሪቻርድ ዳንዚግ የተባለ የሕግ ምሁር ይህንን ጽሑፍ ይዞ «ለምን እኛም በየሠፈራችን እንዲህ ያለ ጉባኤ አይኖረንም?» የሚል ሐሳብ ለአሜሪካኖች አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ የሃርቫርዱ ፍራንክ ሳንደር በአንድ ትልቅ የዳኞችና የሕግ ባለሙያዎች ስብሰባ ላይ፣ ፍርድ ቤት አንድ በር ብቻ ያለው ቤት መሆን የለበትም፤ አንዱ በር ወደ ችሎት፣ ሌላው ወደ ሽምግልና ይውሰድ ሲል ተናገረ። የሠፈር ሽምግልና ማዕከላትም በአሜሪካ ከተሞች መከፈት ጀመሩ።

ገባችሁ? ዛሬ «ዘመናዊ» ተብሎ ወደ እኛ ከሚመጣው ትምህርት የተወሰነው መንገዱን የጀመረው ከአንድ የአፍሪካ መንደር ነው። የክፔሌ ጉባኤ የኢተያ ገበሬ ቢያየው እንግዳ አይሆንበትም ነበር፤ ምርቃቱም፣ ቅደም ተከተሉም፣ አብሮ መቅመሱም የሚያውቀው ነው።

ወደ ስንዴ ማሳችን እንመለስና ንድፈ ሐሳቡን እንሞክረው። የባለ ማሳው አቋም «ይክፈለኝ» ነው፤ የባለ ከብቱ «አልከፍልም»። ሽማግሌው ግን «ከብቶቹ ለምን በዚያ በኩል አለፉ?» ብሎ ቢጠይቅስ? ምናልባት ድሮ ወደ ውሃ የሚወስድ የከብት መንገድ ነበረ፤ ሰዎች እያረሱት ጠበበ፣ ዘንድሮ ደግሞ ከናካቴው ጠፋ። የባለ ከብቱ ፍላጎት የውሃ መንገድ ነው። የባለ ማሳው ፍላጎት ደግሞ በሚመጣው ዓመትም ስንዴው እንዳይበላበት ነው። ዳኛ ካሳውን ሊቆርጥ ይችላል፤ መንገዱ ካልተከፈተ ግን ከብቶቹ በሚቀጥለው ክረምትም ተመልሰው ይመጣሉ።

ሕጉ በአንድ እጁ ሽሮ በሌላው ያስገባው

በአገራችን መንግሥት ሽምግልናን እንዴት አየው? በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጣ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። የሕጉ አንቀጽ 3347 ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ላይ የነበሩ ልማዳዊ ደንቦችን፣ በግልጽ ካልተፈቀዱ በስተቀር፣ ሻረ። አገሪቱ በአንድ ዘመናዊ ሕግ ትመራ የሚል ነበር ሐሳቡ።

ከዚያው አንቀጽ ትንሽ ቀደም ብላችሁ 3318ን ብታነቡ ግን ስለ ዕርቅ ይናገራል፦ የተጣሉ ሰዎች አንድ ሦስተኛ ሰው መርጠው እንዲያቀራርባቸው፣ ቢቻልም እንዲያስማማቸው አደራ ሊሰጡት ይችላሉ። አስታራቂው ሐሳቡን ከማቅረቡ በፊት ሁለቱም የሚሉትን በሙሉ እንዲናገሩ ዕድል መስጠት አለበት። ተስማምተው ካልተቀበሉት ደግሞ ያቀረበው ሐሳብ አያስገድዳቸውም። ከዛፍ ጥላ ሥር የነበረው ነገር በቁጥር ተጽፎ ተቀመጠ ማለት ነው።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ደግሞ የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በሃይማኖት ወይም በባህል ሕጎች መሠረት ሊዳኙ እንደሚችሉ ፈቀደ፤ ነገር ግን በተከራካሪዎቹ ፈቃድ። «በፈቃድ» የምትለዋን ቃል ያዟት። የሚቀጥለው ታሪክ በሷ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ሽምግልና ሲወድቅ

በ1960 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ የሚባለው፣ አሰላን ማዕከል አድርጎ ሥራ ጀመረ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አመጣ፤ የስንዴ ምርት አደገ። እርሻ ትርፋማ ሲሆን ግን ብዙ ባለመሬቶች ትራክተር አስገብተው ለዘመናት ሲያርሱ የኖሩ ጭሰኞችን ማፈናቀል ጀመሩ። በባለመሬቱና በጭሰኛው መካከል ሽማግሌ ምን ሊያደርግ ይችላል? ባለመሬቱ መሬቱም፣ ሕጉም፣ ገንዘቡም በእጁ ነው፤ ባይስማማ የሚያጣው ነገር የለም። ጭሰኛው ባይስማማ ሜዳ ላይ ይቀራል። በዚህ ሚዛን ላይ የሚደረግ «ስምምነት» ለአንዱ ወገን ልመና ነው። ነገሩ የተቀየረው በሽምግልና ሳይሆን፣ የገጠር መሬትን የሕዝብ ባደረገው የ1967ቱ አዋጅ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ይበልጥ ከባድ ነው። በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች፣ አርሲንም ጨምሮ፣ ጠለፋ ነበር። ሴት ልጅ ከመንገድ ትጠለፋለች፣ ትደፈራለች፤ ከዚያ የጠላፊው ቤተሰብ ወደ ልጅቷ አባት ሽማግሌ ይልካል። ካሳ ይከፈላል፣ ሁለቱ ቤተሰቦች ይታረቃሉ፣ ልጅቷ የጠላፊዋ ሚስት ትሆናለች። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ለዚህ በር ከፍቶ ነበር፤ ጠላፊው ልጅቷን በሕግ ካገባት ክሱ ይቀርለት ነበር።

በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች። ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን በጠመንጃ ተኩሳ ገደለችው፤ በነፍስ ግድያም ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆሞላት ተከራከረ። ፍርድ ቤቱም ራሷን ለመከላከል ያደረገችው መሆኑን ተቀብሎ በነጻ አሰናበታት። ማኅበሩን ይመሩ የነበሩት መዓዛ አሸናፊ ኋላ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ታሪኩም «ድፍረት» ለተባለው ፊልም መነሻ ሆነ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በሩን ዘጋው፦ ጠላፊው ቢያገባትም ከተጠያቂነት አያመልጥም።

በጠለፋ ሽምግልና ላይ ስህተቱ ምኑ ላይ ነበር? ሽማግሌ ነበረ፣ ምርቃት ነበረ፣ ካሳ ነበረ፣ አብሮ መብላትም ነበረ። ሁሉም ነገር የተሟላ ይመስላል። የጎደለው አንድ ነገር ነው፦ ልጅቷን ማንም አልጠየቃትም። የተስማሙት ሁለት አባቶች ናቸው፤ በደሉ የደረሰባት ሰው ግን በጉባኤው ላይ እንደ ካሳው ከብት የሚወሰንባት ነገር እንጂ ተናጋሪ አልነበረችም።

እዚያው አርሲ ደጋ ላይ ደግሞ ሲንቄ አለች። የተደበደበች ሴት ጮኻ ሌሎችን የምትሰበስብበት፣ ሽማግሌዎች ወደ ሴቶቹ መጥተው እንዲለምኑ የሚገደዱበት ሥርዓት። ሆኖም እናት ሲንቄን የምትሰጠው ስትድር ነው። ገና ያልተዳረች ተማሪ በትሯም የላትም። አንድ ባህል በአንድ በኩል ለሴት ድምፅ ሰጥቶ በሌላ በኩል ሊነፍጋት ይችላል። ስለዚህ «የባህል ሽምግልና ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብሎ በደፈናው መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ጥያቄ «በዚህ ሽምግልና ላይ የተበደለው ሰው ተናግሯል ወይ? እምቢ ማለትስ ይችል ነበር ወይ?» የሚለው ነው።

ይህ ለእናንተ ምን ያደርጋል?

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። የፌዴራሉ መንግሥት በ2013 ዓ.ም. የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራርን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1237 አወጣ። በዚያው ዓመት ኦሮሚያ ክልል በአዋጅ ቁጥር 240 የባህል ፍርድ ቤቶች እንዲቋቋሙ ወሰነ። ዛፍ ሥር የነበረው ሽምግልና ወደ ጽሕፈት ቤት እየገባ ነው። ከዚህ የሚገኝ ጥቅም አለ፦ ጊዜና ገንዘብ ይቆጥባል፣ ሰው በሚያውቀው ቋንቋና ሥርዓት ይዳኛል። የሚጠበቅበት ፈተናም አለ፦ ማኅተም ሲጨመርበት «በፈቃድ» የምትለዋ ቃል እንዳትጠፋ።

ሽምግልና ደግሞ በማንበብ ብቻ አይለመድም። እስቲ በክፍላችሁ ውስጥ ሞክሩት። ሦስት ሆናችሁ የስንዴውን ጠብ ተጫወቱ፤ አንዱ ባለ ማሳ፣ አንዱ ባለ ከብት፣ አንዱ ሽማግሌ። ሽማግሌው ሦስት ሕግ ብቻ ይያዝ። አንደኛ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥ። ሁለተኛ፣ ሽማግሌው የሰማውን መልሶ ይንገረው፤ «ያልከው ይህን ነው? በትክክል ገብቶኛል?» ይበለው። ሦስተኛ፣ ሽማግሌው መፍትሔ ከመናገሩ በፊት ሁለቱን «ለምን?» ብሎ ይጠይቅ።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። ሽማግሌ የሆነው ልጅ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ «እሺ፣ አንተ ግማሹን ክፈል» ብሎ ሲፈርድ ታገኙታላችሁ። ያኔ ሳያውቀው ዳኛ ሆኗል። ተለዋወጡና እንደገና ጀምሩ። ታግሦ የጠየቀው ልጅ ግን ስለ ከብቶቹ መንገድ ይሰማል። ካሳውም ተከፍሎ፣ በማሳው ጠርዝ ላይ ከብት የሚያሳልፍ ቀጭን መተላለፊያ ተትቶ፣ ሁለቱ ጎረቤቶች በሚቀጥለው ዓመት ሲያርሱ ያቺን መስመር ሳይነኩ ያልፋሉ።